የአባቴ ግራ እጅ

ቅዳሜ ጠዋት ቡናው ተጠጥቶ፣ ረከቦቱ ተነስቶ፣ የቤቱ ሰው ወደየጉዳዩ ሲበተን እኔ በረንዳው አጠገብ ካለችው ዱካዬ ላይ ቁጭ ብዬ ማሲንቆዬን እታቀፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ደረጃውን ወጥታ በሬን አንኳኳችና «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ድመት በር ተዘግቶባት የምትጮህ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ድመቷ እኔ ነበርኩ።

ዕድሜዬ 65 ነው። በነርስነት 39 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። ማሲንቆ መማር ከጀመርኩ ደግሞ ሁለት ዓመት። መርፌ የወጋሁት፣ ቁስል ያጠብኩት፣ የበሽተኛ ካርድ የሞላሁት በቀኝ እጄ ነው። ግራ እጄ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው መያዝና መደገፍ ብቻ ነበር፤ የበሽተኛ ክንድ ይይዛል፣ ሳህን ያቀርባል፣ ፋሻ ወጥሮ ይጠብቃል። ማሲንቆ ነገሩን ገለበጠብኝ። ደጋኑን የሚስበው ቀኝ እጅ ይሁን እንጂ ዜማውን የሚያወጣው ግራው ነው። የዛሬው ጨዋታዬም ስለ ግራ እጅ ነው። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የአባቴም አለበት።

ማሲንቆ ያላየ አንባቢ አይኖርም። ግራ እጁን ልብ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ይመስለኛል። ዓይናችን የሚሄደው ወደ ደጋኑና ወደ አዝማሪው አፍ ነው። ፊቱ በቆዳ የተወጠረ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን አለ፤ ከሱ ረጅም አንገት ይወጣል፤ አንገቱ ጫፍ ላይ ካለው መቃኛ እስከ ሳጥኑ ግርጌ አንድ ጭራ ተወጥሯል። «አንድ» ስል አንድ ነጠላ ፀጉር አይደለም፤ ብዙ የፈረስ ጭራ አብሮ ተሰብስቦ ነው። ደጋኑም በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው፤ እንዳያንሸራትት ዕጣን ይታሻል። ጭራ ጭራን ሲፈትገው ነው ያ የሰው ልቅሶ የሚመስል ድምፅ የሚወጣው።

በገና አሥር አውታር አለው፤ ክራር አምስት ወይም ስድስት፤ ቫዮሊን አራት። ማሲንቆ አንድ ብቻ። ስለዚህ ግራ እጅ ምንም ካላደረገ ማሲንቆ አንድ ድምፅ ብቻ እያለ ይውላል። ሌላው ሁሉ ከጣት ነው የሚመጣው።

ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ጣቱ ክሩን ወደ እንጨቱ ተጭኖ ያጣብቀዋል። በማሲንቆ ግን ጭራው ከአንገቱ ራቅ ብሎ በአየር ላይ ነው የተዘረጋው። ጣት ጭራውን ይነካል እንጂ ከስሩ የሚያርፍበት እንጨት የለም። «እዚህ ጋ አስቀምጪ» የሚል ምልክትም የለም። የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄን አለማወቄ ነበር። ድምፁ አልወጣ ሲለኝ ይበልጥ ተጫንኩት፤ ይበልጥ ስጫነው ጭራው ጎበጠ፤ ጭራው ሲጎብጥ ድምፁ ተንሻፈፈ። አስተማሪዬ ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ፣ ከመጨረሻ ልጄ የሚያንስ ወጣት ነው። ደጋኑን በእጁ አስቆመና «እናቴ፣ አይጫኑት፤ ይንኩት» አለኝ።

ያን ጊዜ የልብ ትርታ መለካት የተማርኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ነርስ ትርታ ስትቆጥር ሦስት ጣቷን በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ ታሳርፋለች። አጥብቃ ከተጫነች የደም ሥሩ ይደፈንና ትርታው ይጠፋታል፤ በጣም ካላላች ደግሞ አታገኘውም። በአውራ ጣት አይለካም፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው የበሽተኛውን ትተሽ የራስሽን ትቆጥሪያለሽ። «ልጄ፣» አልኩት አስተማሪዬን፣ «ይህን ሥራ እኮ 39 ዓመት ሠርቼዋለሁ።» ጭራውን እንደ ደም ሥር ነካሁት። ድምፁ ጠራ። አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ጠራ።

ይሄ ምክር ግን ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ሰው ነግሮኝ ነበር።

አባቴ አዝማሪ ነበሩ። ይህቺን አጭር ዓረፍተ ነገር በሰው ፊት ለመናገር ስልሳ ዓመት አልፎኛል፤ በጽሑፍ ሳሰፍራት ደግሞ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ከጎንደር ከተማ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው የተወለድኩት። አባቴ ሰርግ፣ ክርስትናና ጠጅ ቤት እየዞሩ አሳደጉን። የእኛን ሙያ ሰው ይወደው ነበር፤ እኛን ግን አይወደንም ነበር። ያለ አዝማሪ ሰርግ አይደምቅም የሚለው ሰውዬ፣ በግጥሙ ስቆና አልቅሶ ግንባራቸው ላይ ብር የለጠፈው ሰውዬ፣ ልጁን ለአዝማሪ ልጅ አይድርም። ወንድሞቼ ገና በሕፃንነታቸው ትንሽ ማሲንቆ ተሠርቶላቸው አባታቸውን እያዩ ለመዱ። በእኛ ዘንድ ሴት ታዜማለች እንጂ ማሲንቆ ብዙም አትይዝም። እኔን አባቴ ትምህርት ቤት ላኩኝ።

ትምህርት ቤት ስገባ መደበቅ ለመድኩ። ፎርም ላይ «የአባት ሥራ» የሚል ቦታ ሲመጣ «ገበሬ» ብዬ እሞላለሁ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ቁራሽ መሬት ደርሷቸው ያርሱም ስለነበር ውሸቱ ግማሽ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። የነርስነት ትምህርት ቤትም ሦስት ዓመት ሙሉ የገበሬ ልጅ ሆኜ ቆየሁ።

በ1973 ተመረቅሁ። አባቴ ለምርቃቴ መጡ፤ ማሲንቆዋቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ሊያሞግሱኝ። ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ ነው ያየሁት። «አባባ፣ እሱን ዘመድ ቤት ቢያስቀምጡት ይሻላል» አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። «እሺ ልጄ» አሉ፤ አስቀመጡት።

ማታ ግብዣ ነበር። አዘጋጆቹ ከከተማው አዝማሪ ጠርተዋል። ሰውዬው ገባና ተመራቂዎቹን በየተራ ያሞግስ ጀመር። አባቴ ከወላጆች መሐል ተቀምጠው እንደ ማንኛውም እንግዳ አጨበጨቡ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ተነስተው ግንባሩ ላይ ብር ለጠፉለት። ዓይናቸው ግን ከሰውዬው ግራ እጅ አልተነቀለም። ስንወጣ ጠጋ ብለው በጆሮዬ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደህና ነው። የቀለበት ጣቱ ግን ሰነፍ ነው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡኝም። ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ያን ነገር አንድም ቀን አላነሱብኝም።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን አዲስ አበባ አምጥቼ አብረን ኖርን። በ1990 አንድ ማለዳ ከአልጋ ሊነሱ ሲሉ ግራ እግራቸው ከዳቸው። ስትሮክ ነበር። የአንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ የሚሰንፈው የሰውነት ግራ ክፍል ነው። የአብዛኛው ሰው ንግግር የሚመራው ከግራው የአንጎል ክፍል ስለሆነ የአባቴ አንደበት አልተነካም፤ ቀኝ እጃቸውም ደህና ነበር። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመልሶ በከዘራ መሄድ ቻሉ። ግራ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ ተኝቶ ቀረ።

የማውቀውን አደረግሁ። ጠዋትና ማታ እጃቸውን ይዤ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ከትከሻ እስከ ጣት አጥፌ እዘረጋለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ሳደርግ «ማሲንቆዬን አምጪልኝ» አሉኝ። አመጣሁላቸው። ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው በቀኝ እጃቸው ደጋኑን ሳቡት። ያቺ አንድ ድምፅ ወጣች። ደግመው ሳቡት፤ ያችው ድምፅ ናት። ግራ እጃቸውን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ነይ፣ በዚህ በኩል ተቀመጪ» አሉ።

በግራ ጎናቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ደጋኑን ይስባሉ፣ እኔ ጣቴን ጭራው ላይ አሳርፋለሁ። «ሌባ ጣትሽን... ወረድ አድርጊው... ትንሽ ከፍ... አትጫኚው፣ ንኪው ብቻ።» ለሁለት ዓመት ያህል፣ ከሥራ ስመለስ፣ ብዙ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ለግማሽ ሰዓት እንዲህ ተቀምጠናል። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ልማር ብዬ አልነበረም የተቀመጥኩት። አባቴ እንዳይከፋቸው፣ እንደ መድኃኒት ነበር የምሰጠው። የማታ ተራ ሲኖርብኝ ሰዓቴን እያየሁ ነው። በ1992 አረፉ። ማሲንቆውን በዚያው ጋቢ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት፤ ጡረታ እስክወጣ፣ ከወጣሁም በኋላ ሦስት ዓመት፣ እዚያው ተቀመጠ።

ያወረደችው የልጅ ልጄ ናት። ለትምህርት ቤት የቤተሰብ ታሪክ ጻፉ ተብላ እየዞረች ስትጠይቅ ጥቅሉን አየችው። «አያቴ፣ ይሄ የማነው?» «የአባቴ ነው።» «ምን ነበሩ?» አፌ ላይ የመጣችው ያቺ የድሮዋ «ገበሬ» ናት። ዋጥኳትና «አዝማሪ ነበሩ» አልኳት። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ምንም አልደነቃትም። ከዚያ «አንቺስ ትችያለሽ?» አለችኝ።

አልቻልኩም። ጭራው ተበጣጥሷል፣ ቆዳው ላልቷል። አስጠገንኩትና አስተማሪ ፈለግሁ።

በሁለት ዓመት የተማርኩትን ባጭሩ ላውጋችሁ። ከልጆቻችሁ አንዱ ማሲንቆ ወይም ቫዮሊን ቢጀምር፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ እንደኔ ዘግይታችሁ ብትጀምሩ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

የማሲንቆ ግራ እጅ አንገቱን ከላይ፣ ከመቃኛው ስር ይይዛል። ሌባ ጣት ለመቃኛው የቀረበ ነው፤ መሐል ጣት፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት በተራ ወደ ሳጥኑ ይወርዳሉ። ጣት ወደ ታች በወረደ ቁጥር ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይሄ መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቴን አዙሮት ነበር። ጣት ያልነካው ባዶ ጭራ አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ አራቱ ጣቶች አራት ይጨምራሉ። በድምሩ አምስት። ቅኝቶቻችንም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። እጃችንና ዜማችን የተስማሙ ይመስላሉ።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚለያዩት ታዲያ በምንድን ነው? ለጆሮ በስሜታቸው ነው። ለግራ እጅ ግን በጣቶች መሐል ባለው ርቀት ነው። በትዝታ ሜጀር ሌባ ጣትና መሐል ጣት ተመጣጥነው ይቀመጡና ከመሐል ጣት ወደ ቀለበት ጣት ሰፋ ያለ እርምጃ ይመጣል፤ ትንሿ ጣት ከቀለበት ጣት ብዙ አትርቅም። በባቲ ሜጀር ሌባ ጣት ገና ከመነሻው ሩቅ ወርዶ ይጀምራል፤ መሐል ጣት እሱ ሥር ይለጠፋል፤ መጨረሻ ላይ ትንሿ ጣት እስከምትችለው ትዘረጋለች። በአምባሰል ሌባ ጣት ለባዶው ጭራ ድምፅ በጣም ቀርቦ ይቀመጣል፤ ከሱ እስከ መሐል ጣት ረጅም መንገድ ነው፤ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ደግሞ ተጠጋግተው ይቆማሉ። አንቺሆዬ አነሳሱ እንደ አምባሰል ነው፤ ግን የቀለበት ጣት መሐል ጣት ላይ ይጠጋና ትንሿ ጣት ብቻዋን ትርቃለች። አራት ቅኝት ማለት ለእጅ አራት ዓይነት አዘረጋግ ነው። አሁን አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ስዘረጋ ቅኝቱን ሳልሰማው አውቀዋለሁ።

ምልክት በሌለበት ጭራ ላይ ቦታውን እንዴት ያገኙታል የሚለኝ ሰው አለ። መልሱ ጆሮ ነው። አስተማሪዬ ጣቴን ከማሳረፌ በፊት ድምፁን በአፌ እንዳንጎራጉረው ያደርገኛል። ያላንጎራጎርኩትን ድምፅ ጣቴ አያገኘውም፤ ካንጎራጎርኩት ግን ቢስት እንኳ መሳሳቱን አውቄ ፈቀቅ አደርገዋለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ሰነፉ ጣት ልምጣ። ጋዜጣውን አስቀምጡና መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የመሐል ጣታችሁን ብቻ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከመዳፋችሁ ሥር አድርጉት። ሌሎቹን አንድ በአንድ ከጠረጴዛው አንሱ። አውራ ጣት ይነሳል፤ ሌባ ጣት ይነሳል፤ ትንሿ ጣት ትነሳለች። የቀለበት ጣት ግን እንደተሰፋ ይቀራል።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ጣቶቻችንን የሚያጥፉና የሚዘረጉት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት ክንዳችን ላይ ነው፤ ጣትን የሚስቡት በረጃጅም ጅማቶች ነው። አራቱን ጣቶች የሚዘረጋ አንድ የጋራ ጡንቻ አለ። ሌባ ጣትና ትንሿ ጣት ከዚህ ሌላ የየራሳቸው ተጨማሪ ጡንቻ ተሰጥቷቸዋል፤ የቀለበት ጣት ግን የለውም። በእጅ ጀርባ ላይም ጅማቱ ከጎረቤቶቹ ጅማት ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ብቻውን ልነሳ ሲል ጎረቤቶቹ ይይዙታል። አባቴ የሰውነት አካል ትምህርት አልተማሩም፤ ነገር ግን በዚያ ግብዣ ማታ ከሩቅ አይተው ያወቁት ይህንኑ ነበር።

ልምምዱ ቀላል ነው፤ አሰልቺ ግን ነው። ሌባ ጣትና መሐል ጣት ጭራው ላይ እንደተቀመጡ የቀለበት ጣትን ብቻ ቀስ ብሎ ማሳረፍና ማንሳት፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ ትንሿን ጣት። ጣት ሲነሳ ወደ ሰማይ መብረር የለበትም፤ ከጭራው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይጠብቅ። ፍጥነት አይፈለግም፤ እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል። እኔ በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ እሠራለሁ። በአንድ ሰዓት ከሚሠራው ይሄ ይበልጥ ጠቅሞኛል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እጄ ይደክምና የሚለማመደው ስህተቱን ነው።

አውራ ጣቴ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በእኔ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ እንደሚበዛው ግርጌው ያለው መገጣጠሚያ አርጅቷል። ቆርቆሮ ክዳን ስከፍት፣ ጨርቅ ስጨምቅ ያመኛል። የማሲንቆውን አንገት ጨብጬ ስይዝም እንዲሁ። ልተወው ነው ብዬ ለአስተማሪዬ ስነግረው ሳቀና «እናቴ፣ ማነው ጨብጡ ያልዎት? አውራ ጣት ይደገፋል እንጂ አይጨብጥም» አለኝ። ለካ አውራ ጣት ሲጨብጥ መዳፉ ሙሉ ይጠነክራል፤ መዳፍ ሲጠነክር ሌሎቹ ጣቶች ነፃነታቸውን ያጣሉ። ሳጥኑን ጭኔ ላይ በደንብ ሳስደላድለው አንገቱ መያዝ እንኳ አላስፈለገውም። ሕመሜ ነው ትክክለኛውን አያያዝ ያስተማረኝ። አንድ ነገር ግን በሙያዬ ላስጠንቅቅ፦ ድካም ሌላ፣ ሕመም ሌላ። ልምምድ ካቆማችሁ በኋላ የሚቆይ ሕመም፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጣት መደንዘዝ ካለ፣ ማሲንቆውን አስቀምጡና ሐኪም ጋ ሂዱ።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ላበቃ ነበር። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብዘለው ለሙያዬ አልታመንኩም።

ስለ ጣት ልምምድ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ1995 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አገኘሁ። የባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾችን አንጎል መርምረው፣ ከግራ እጅ ጣቶች የሚመጣውን ስሜት የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ከሌላው ሰው ሰፍቶ አግኝተውታል፤ በልጅነታቸው የጀመሩት ላይ ደግሞ ይበልጥ። ከጥናቱ ባለቤቶች አንዱ ኤድዋርድ ታውብ ይባላል። ይኸው ሰው ለስትሮክ በሽተኞች አንድ ሕክምና አበጅቷል፦ ደህነኛው እጅ ጓንት ለብሶ እንዳይሠራ ይደረግና የሰነፈው እጅ ለሁለት ሳምንት ያህል በግድ ይሠራል፣ ይደጋግማል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ 222 በሽተኞችን ይዞ የታተመ ጥናት እጃቸው ትንሽም ብትሆን እንቅስቃሴ የቀራቸው ሰዎች በዚህ ዘዴ በእጅጉ እንደተሻላቸው አሳይቷል። የተጫዋቹ ጣትና የበሽተኛው ጣት ሕጋቸው አንድ ነው፤ አንጎል የሚያሰፋው የሚሠራበትን ነው።

ይህን ሳነብ ዱካዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። የአባቴ ሌባ ጣት በሁለተኛው ወር ላይ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ካርድ ላይ እንደሚጻፍ በልቤ ጽፌዋለሁ። እኔ ግን ምን አደረግሁ? የራሴን ጣት ጭራው ላይ አሳረፍኩ። እሳቸው በቀኝ እጃቸው ሲሠሩ፣ እኔ በግራ እጃቸው ፋንታ ሠራሁ፤ የእሳቸው እጅ ጭናቸው ላይ ተኝቶ አየን። በዚያ ዘመን ይህ ሕክምና እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ማንም አላስተማረኝም። ይሁን እንጂ ያቺን ሌባ ጣት ይዤ ጭራው ላይ ባሳርፋት ኖሮ፣ ወጣም አልወጣም በቀን መቶ ጊዜ ይሞክሯት ብላቸው ኖሮ፣ ምናልባት አንድ ድምፅ ይጨምሩ ነበር። ምናልባትም አይጨምሩም። ይህን ጥያቄ ይዤው እኖራለሁ።

ይህን የምጽፈው ለሐዘን አይደለም። ቤታችሁ ስትሮክ የመታው አባት ወይም እናት ካለ፣ ፍቅራችሁ እጅ እንዳያሳጣቸው ነው። ማንኪያውን ቶሎ አትንጠቁ። ቁልፉን ሊቆልፉ ሲታገሉ አይታችሁ እንዳላያችሁ ሁኑ። ትንሽ እንኳ የምትንቀሳቀስ ጣት ካለች ለሐኪሙና ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ንገሩ፤ ምን ያህል፣ እንዴት ትሠራ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ታገሱ። ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም ንግግር ሲተሳሰር ካያችሁ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱ።

ባለፈው ሳምንት አስተማሪዬ ትዝታን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላቆም እንድጫወት አደረገኝ። ቀስ ብዬ ነው፤ ሁለት ቦታ ስቻለሁ። የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ በስልኳ ቀረጸችኝ። ሲያበቃ አስተማሪዬ ትንሽ ዝም ብሎ፣ በትህትና፣ «እናቴ፣ በጣም ጥሩ ነው፤ የቀለበት ጣትዎ ብቻ ትንሽ ይዘገያል» አለኝ።

«አውቃለሁ ልጄ» አልኩት። «አባቴም ቢኖሩ ይሄንኑ ይሉኝ ነበር። አዝማሪ ነበሩ።»